የተዘጋ ዑደትና የተከፈተ መንገድ፦ የባቡር አምሳያ የምልክት መብራትና የሽቦ ሥራ ቃላት በአማርኛ

መግቢያ

የሙያ ቃላትን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ከሁሉ በላይ የሚያሠጋው አቻ ቃል ማጣት ይመስለዋል። ቃል ማጣት ግን ቢያንስ ራሱን ያሳውቃል፤ ተርጓሚው ብዕሩን አንሥቶ ያስባል፣ ባለሙያ ይጠይቃል፣ ወይም የውጭውን ቃል እንዳለ ይወስዳል። ከዚህ ይልቅ የከፋው፣ አቻ ሆኖ የቀረበው ቃል በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ የተገላቢጦሽ ፍች ይዞ ሲገኝ ነው። እንዲህ ያለው ስሕተት ከመዝገበ ቃላት ጋር ስለሚስማማ በእርማት ጊዜ አይታይም፤ የሚታየው ጽሑፉን አንብቦ ሥራ ላይ በሚያውለው ሰው እጅ ላይ ነው።

ይህ ጽሑፍ ያንን ዐይነት ስሕተት በአንድ ጠባብ መስክ ውስጥ ለማሳየትና መፍትሔ ለማመልከት ይሞክራል። መስኩ በቤት ውስጥ የሚሠራ የባቡር አምሳያ የምልክት መብራት ዝርጋታ ነው። ለምሳሌነት የተመረጠውም በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ዕቃዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ቃላቱን አንድ በአንድ መመርመር ይቻላል። ሁለተኛ፣ የባቡር፣ የኤሌክትሪክና የዕለት ተዕለት ኑሮ ቃላት እዚህ ላይ ይገናኛሉ፤ ሲገናኙም ይጋጫሉ። ሦስተኛ፣ የትርጉም ስሕተት ሲፈጠር ውጤቱ ወዲያው ይታያል፤ አረንጓዴ መብራት ያለበት ቦታ ላይ ቀይ ይበራል።

ቃላቱ የሚመዘኑበት አንባቢም አስቀድሞ ቢወሰን ይበጃል። በአዲስ አበባ ወይም በድሬዳዋ ያደገ ሰው ቃሉ ቢጎድልበት እንኳ ባየው ነገር ይሞላዋል። ስለዚህ ሐዲድ ያላየ አንባቢ እንምረጥ፤ በምዕራብ ወለጋ፣ በቦጂ አካባቢ በምትገኘው በቢላ ከተማ የሚኖር፣ አፉን በኦሮምኛ የፈታ፣ አማርኛን የጨመረ፣ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማረ አንድ ወጣት በሐሳባችን እናስቀምጥ። ይህ ወጣት ምልክት ያለው ትንሽ የባቡር መሥመር በጠረጴዛ ላይ መሥራት ቢያምረው፣ በአማርኛ የተጻፈ መመሪያ ሊረዳው የሚችለው ቃላቱ ራሳቸው በቂ ብርሃን ሲሰጡ ብቻ ነው።

ወለጋ ለትርጉም ሥራ እንግዳ አይደለችም። በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተረጎሙት ኦኔሲሞስ ነሲብ በነቀምቴ ኖረው በ1931 እ.ኤ.አ. ያረፉት በዚያው ነው። ለባቡር ግን አገሩ ገና በተስፋ ላይ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የባቡር ውል ከጂቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦም ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ የሚዘልቅ መሥመር ያመለክት ነበር። ሦስተኛው ክፍል አልተሠራም። በዚህ ምዕት ዓመት በወጣው የአገር አቀፍ የባቡር መረብ ዕቅድም ነቀምቴን አልፎ ወደ አሶሳ የሚሄድ መሥመር ተመልክቷል፤ ሐዲዱ ግን አልተነጠፈም። ባቡሩ ሳይደርስ ቃሉ መድረሱን ከዚህ ቀጥለን እናያለን።

1. ቃላቱ የመጡበት መንገድ

«ባቡር» የሚለው ቃል ምንጩ እንፋሎት የሚል ፍች ያለው የአውሮፓ ቃል ነው፤ በጣልያንኛ «ቫፖሬ» ይባላል። በዐረብኛ ተናጋሪ ወደቦች «ባቡር» ሆኖ በመጀመሪያ በእንፋሎት የሚሄደውን መርከብ፣ ቀጥሎም በሞተር የሚንቀሳቀስ ልዩ ልዩ መሣሪያን ለመሰየም አገልግሏል። «የምድር ባቡር» የሚለው ስያሜ ለዚህ ምስክር ነው። በባሕር የሚሄድ ባቡር በተናጋሪው ሐሳብ ውስጥ ባይኖር ኖሮ «የምድር» የሚለው ቅጽል ባላስፈለገ ነበር።

በብዙ የገጠር አካባቢዎች፣ በወለጋም ጭምር፣ «ባቡር» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው እህል የሚፈጨው ሞተር ነው። ኦሮምኛውም ቃሉን በዚሁ ፍች ወስዶታል። ስለዚህ «ባቡሩን አስነሣ» የሚለው ትእዛዝ ለቢላው አንባቢ በቅድሚያ የወፍጮ ድምፅ ያሰማዋል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ቃሉ ከሌላው አካባቢ ይልቅ የጥንቱን ሰፊ ፍቹን ጠብቆ መኖሩን ያሳያል። ይሁን እንጂ ተርጓሚው በጽሑፉ መጀመሪያ «የሐዲድ ባቡር» ብሎ ቢወስንና ከዚያ በኋላ «ባቡር» ብሎ ቢቀጥል የተሻለ ነው።

የቀሩት የባቡር ቃላት በአብዛኛው የመሥመሩን ታሪክ ይከተላሉ። ሥራው በ1897 እ.ኤ.አ. ከጂቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ኩባንያው የፈረንሳይ ስለነበረ «ፉርጎ» ከፈረንሳይኛ ገባ። «ለገሀር» የሚለውም የሰፈር ስም «ጣቢያው» ከሚለው የፈረንሳይኛ ሐረግ የመጣ ሲሆን፣ ባቡሩ ከዚያ መነሣቱን ካቆመ በኋላም ስሙ ቀርቷል። «ሐዲድ» ግን በዐረብኛ ብረት ማለት ነው።

የኤሌክትሪክ ቃላት ደግሞ በሌላ በር ገብተዋል። «ኮረንቲ»ና «ስፒና» ከጣልያንኛ፣ «አምፖል» ከፈረንሳይኛ፣ «ፊውዝ»ና «ሶኬት» ከእንግሊዝኛ ናቸው። «ሽቦ»፣ «ገመድ»፣ «ማብሪያ ማጥፊያ»፣ «ቆጣሪ» የሚሉት ግን በአማርኛው ውስጥ የተደላደሉ ናቸው። ከዚህ የምንረዳው፣ አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የአራት ቋንቋ ቅርስ ይዞ እንደሚናገርና ቃላቱም ሳይቸገሩ አብረው እንደሚኖሩ ነው። ቃል ሠሪው ይህን የኖረ ስምምነት ያለ በቂ ምክንያት ማፍረስ የለበትም።

«አምሳያ» እና «አሻንጉሊት» የሚሉትንም መለየት ያስፈልጋል። አሻንጉሊት ነገሩን ያስታውሳል፤ አምሳያ ግን በልክ ይወክለዋል። ከተለመዱት የአምሳያ ልኮች አንዱ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ሲሆን፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ርቀት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ ልክ 15 ሜትር የሚረዝም ሎኮሞቲቭ 17 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ልኩ የተጠበቀ ስለሆነ የምልክቱም ሕግ ይጠበቃል፤ «የባቡር አምሳያ» የሚለው ስያሜ የተመረጠውም በዚህ የተነሣ ነው።

2. «መብራት» የሚለው ቃል ሸክም

በዕለት ተዕለት አማርኛ «መብራት» ቢያንስ አራት ነገር ይሸከማል። «መብራቱ ተሰበረ» ሲባል አምፖሉ ነው። «መብራቱ ዐይኔን ወጋኝ» ሲባል ብርሃኑ ነው። «መብራት መጣ» ሲባል የኤሌክትሪክ ኃይሉ ነው። «መብራት ከፈልኩ» ሲባል ደግሞ የአገልግሎቱ ሒሳብ ነው። ተናጋሪዎች በዐውዱ ስለሚረዱት አይሳሳቱም። የሽቦ ሥራ መመሪያ ግን አራቱን ፍቾች በአንድ ገጽ ላይ ስለሚያገናኛቸው ዐውዱ ለመለየት አይበቃም።

የሚከተለውን ዐረፍተ ነገር እንመልከት፦ «መብራቱ ሲጠፋ ባቡሩ ይቆማል።» አንባቢው ይህን በሁለት መንገድ ሊረዳው ይችላል። የመጀመሪያው፣ ኃይል ሲቋረጥ ሞተሩ ስለማይዞር ባቡሩ ይቆማል የሚል ነው፤ ይህ የተፈጥሮ ውጤት ነው። ሁለተኛው፣ የምልክቱ አምፖል ጠፍቶ ከታየ ነጂው ማቆም አለበት የሚል ነው፤ ይህ ደግሞ ሕግ ነው። የጠፋ ምልክት እንደ ቀይ መቆጠሩ በባቡር ሥራ ከዋና ዋናዎቹ ደንቦች አንዱ ስለሆነ፣ አንባቢው ሕጉን እንደ ተራ ክሥተት አንብቦ ቢያልፈው ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

መፍትሔው ሸክሙን ማከፋፈል ነው። ዕቃው «አምፖል» ወይም «የምልክት መብራት»፣ የሚታየው «ብርሃን»፣ በሽቦ ውስጥ የሚያልፈው «ኮረንት»፣ የሚያቀርበው ዕቃ «የኃይል ምንጭ» ቢባል አራቱም ይለያያሉ። ለቢላው አንባቢ ይህ ክፍፍል አዲስ አይሆንበትም፤ በኦሮምኛ የሚያበራው ዕቃ «ኢብሳ»፣ ብርሃኑ «ኢፈ» ስለሚባል፣ ልዩነቱን ከአፍ መፍቻው ይዞት ይመጣል። «ኮረንቲ» የሚለው የተለመደ አነጋገርም ይቅር አይባልም፤ በሙያ ጽሑፍ «ኮረንት» ቢባልም፣ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን አንድ ጊዜ መግለጽ ይበቃል።

3. ክፍትና ዝግ

የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። በእንግሊዝኛም በፈረንሳይኛም በጣልያንኛም የኤሌክትሪክ መንገድ «ተዘጋ» ሲባል ኮረንት ያልፋል፤ «ተከፈተ» ሲባል ኮረንት ይቋረጣል። በአማርኛ ግን ሰው ሬዲዮ ሲፈልግ «ክፈተው»፣ ሲሰለቸው «ዝጋው» ይላል። ቧንቧ ሲከፈት ውሃ ይፈስሳል፤ ሲዘጋ ይቆማል። ኦሮምኛውም በዚሁ በኩል ነው፤ «በኒ» ማለት ክፈት፣ «ጩፊ» ማለት ዝጋ ሲሆን፣ ሬዲዮ የሚከፈተውና የሚዘጋው በእነዚሁ ግሦች ነው። ስለዚህ «ዑደቱን ዝጋ» የሚል ትእዛዝ ያነበበ የቢላ ወጣት በሁለት ቋንቋ ማስረጃ ተደግፎ ኮረንቱን ያቋርጣል። ተርጓሚው ግን እንዲያገናኝ ማዘዙ ነበር።

የልዩነቱ ሥር በምሳሌው ላይ ነው። አውሮፓውያኑ ቃሉን ያወጡት ከቀለበት ነው፤ ሁለት ጫፉ የገጠመ ቀለበት ዝግ ነው፤ ያልገጠመ ክፍት ነው። የአማርኛ ተናጋሪ ደግሞ የሚያስበው በርን ወይም ቧንቧን ነው። ሁለቱም ምሳሌዎች በየራሳቸው ትክክል ናቸው። ስሕተት የሚመጣው የቀለበቱን ቃል ወስዶ ለበር አስተሳሰብ በመስጠት ነው።

በትምህርት መጻሕፍት «ዑደት» የሚለው ስም ለዚህ የኤሌክትሪክ መንገድ ሲሰጥ ይገኛል። ስሙ ተዟዙሮ ወደ ተነሡበት መመለስን ስለሚያሰማ ተስማሚ ነው፤ ጉድለቱ «ዝግ» እና «ክፍት» የሚሉት ቅጽሎች ሲጨመሩበት ነው። ስለዚህ «የገጠመ ዑደት» እና «የተቋረጠ ዑደት» እንዲባል እዚህ ላይ ይቀርባል። «ገጠመ» የሚለው ግሥ የቀለበቱን ምሳሌ በትክክል ያስተላልፋል፤ «ተቋረጠ» የሚለውም ለመንገድ፣ ለንግግርና ለውሃ አገልግሎት ስለሚነገር ማብራሪያ አይሻም።

ችግሩ በባቡር ሥራ ላይ እጥፍ የሚሆነው «ክፍት» እና «ዝግ» የሚሉት ቅጽሎች ለመንገዱም ስለሚያስፈልጉ ነው። መንገዱ ክፍት ሲሆን ባቡር ያልፋል፤ ዝግ ሲሆን ይቆማል። ይህ አነጋገር በአማርኛ የተለመደና ግልጽ ስለሆነ ሊነካ አይገባውም። እንግዲህ ቃላቱን ለመንገዱ ትተን ለኮረንቱ ሌላ መፈለጋችን በዚህም ምክንያት ይጸናል።

ባጭሩ፣ ተርጓሚው «ክፍት»፣ «ዝግ»፣ «በርቷል»፣ «ጠፍቷል» የሚል ቃል ባጋጠመው ቁጥር ሦስት ጥያቄዎችን ለየብቻ ቢጠይቅ ይበጀዋል።

ሀ/ ኮረንት ያልፋል ወይስ አያልፍም? መልሱ፦ ዑደቱ ገጥሟል ወይም ተቋርጧል።
ለ/ አምፖሉ ብርሃን ይሰጣል ወይስ አይሰጥም? መልሱ፦ በርቷል ወይም ጠፍቷል።
ሐ/ ባቡሩ ማለፍ ይፈቀድለታል ወይስ አይፈቀድለትም? መልሱ፦ መንገዱ ክፍት ነው ወይም ዝግ ነው።

ሦስቱ ጥያቄዎች አንድ ዐይነት መልስ ላይኖራቸው ይችላል። ቀይ አምፖል ሲበራ የእርሱ ዑደት ገጥሟል፤ አምፖሉ በርቷል፤ መንገዱ ግን ዝግ ነው። ሦስቱን በአንድ ጥንድ ቃል ለመግለጽ የሚሞክር ጽሑፍ መሳሳቱ አይቀርም።

4. የምልክቱ ሽቦ አሠራር

አሁን ቃላቱን በሥራ ላይ እንፈትሽ። ባለ ሦስት ቀለም የምልክት ምሰሶ ሦስት ትናንሽ መብራቶች አሉት፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። በዛሬው አምሳያ እነዚህ ባለ ክር አምፖሎች ሳይሆኑ በተለምዶ «ኤል ኢ ዲ» የሚባሉት ብርሃን ሰጪ ዳዮዶች ናቸው። ዳዮድ ኮረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል። ስለዚህ ሁለት እግሮቹ አይለዋወጡም፤ አብዛኛውን ጊዜ ረጅሙ እግር አዎንታዊ፣ አጭሩ አሉታዊ ነው። «ዳዮድ» የሚለውን ወደ አማርኛ ለመመለስ መድከም አያስፈልግም፤ ዕቃው በዚሁ ስም ይሸጣል፣ በዚሁ ስም ይጠየቃል።

ሦስቱን ረጃጅም እግሮች ከአንድ ሽቦ ጋር ማገናኘት ስለሚቻል፣ ከምሰሶው ስድስት ሳይሆን አራት ሽቦ ብቻ ይወርዳል፤ አንድ የጋራ ሽቦና ለየቀለሙ አንድ አንድ ሽቦ። እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ወጥመድ አለ። በእንግሊዝኛ «ኮመን» የሚለው ቃል የጋራም የተለመደም ማለት ነው። «የተለመደውን ሽቦ አገናኝ» ተብሎ ቢተረጎም አንባቢው የትኛው ሽቦ እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም። «የጋራ ሽቦ» ሲባል ግን ሥራው ከስሙ ይነበባል።

ዳዮዱ ከኃይል ምንጩ ጋር በቀጥታ ከተገናኘ ወዲያው ይቃጠላል፤ ኮረንቱን የሚቀንስ ዕቃ አብሮ መግባት አለበት። ለዚህ ዕቃ «መከላከያ» የሚል ስም ሊቀርብ ይችላል፤ ነገር ግን አንባቢው ፊውዝን ያስባል፤ አደጋ ሲደርስ ብቻ የሚሠራ ይመስለዋል። «ተቃዋሚ»ም ሌላ ዓለም ያስታውሳል። ዕቃው ሁልጊዜ የሚሠራ፣ እንደ ልጓም የሚይዝ ስለሆነ «ገቺ» የሚለው ቃል ይስማማዋል፤ በገበያ ስሙ «ሬዚስተር» ነው። ልኩም በቀላል ሒሳብ ይገኛል። ምንጩ 12 ቮልት ቢሆንና ቀዩ ዳዮድ 2 ቮልት ያህል ቢወስድ 10 ቮልት ይቀራል። እንዲያልፍ የተፈለገው ኮረንት 10 ሚሊ አምፔር፣ ማለትም 0.01 አምፔር ከሆነ፣ 10 ለ0.01 ሲካፈል 1,000 ኦም ይሆናል። በአንድ ጊዜ አንድ ቀለም ብቻ የሚበራ ከሆነ በጋራው ሽቦ ላይ አንድ ገቺ ሊበቃ ይችላል፤ ሁለት ቀለም አብሮ የሚበራ ከሆነ ግን ለየሽቦው አንድ አንድ ያስፈልጋል።

ቀለሙን በእጅ ለመለወጥ የሚያገለግለውን ዕቃ «ማብሪያ ማጥፊያ» ማለት አይበቃም፤ አንዱን ሲያጠፋ ሌላውን ያበራልና «መቀየሪያ» ቢባል ይሻላል። እንግሊዝኛው «ስዊች» በአሜሪካውያን ዘንድ ባቡሩን ከአንድ ሐዲድ ወደ ሌላ የሚያሻግረውንም መሣሪያ ስለሚያካትት፣ ይህኛውን «የሐዲድ መለወጫ» ብሎ መለየት ያስፈልጋል።

ቀለሙ ራሱ እንዲለወጥ ከተፈለገ «ሪሌ» የሚባለው ዕቃ ይገባል። ሪሌ ጥቅል ሽቦ አለው፤ በጥቅሉ ውስጥ ኮረንት ሲያልፍ ማግኔት ይሆንና አንዲት የብረት ምላስ ይስባል፤ ሲቋረጥ ምላሷ በመወጠሪያዋ ተጎትታ ወደ ማረፊያዋ ትመለሳለች። ደካማ ኮረንት ተቀብሎ ለሌላ ዑደት ትእዛዝ ስለሚያቀብል «አቀባይ» ብሎ መሰየም ይቻላል። ዳሩ ግን በሣጥኑ ላይ የታተመው «ሪሌ» ስለሆነ ስሙን እንደያዘ ቢቀር፣ «አቀባይ» ደግሞ ለማብራሪያ ቢያገለግል ይመረጣል።

የሪሌው ክፍሎች ሁለት ከባድ ወጥመድ ይዘዋል። የመጀመሪያው ምላሷ የምትነካቸው ነጥቦች ስም ነው። የውጭው ቃል «ኮንታክት» ነው። ነገር ግን ይህ ቃል በአማርኛ ውስጥ ቤት ይዟል፤ «በኤሌክትሪክ ኮንታክት የተነሣ እሳት» ሲባል የሚሰማው ሽቦና ሽቦ ያለ አግባብ ተነካክቶ የደረሰ ብልሽት ነው። ስለዚህ «ሪሌው ሦስት ኮንታክት አለው» የሚል ጽሑፍ ዕቃው ሦስት ቦታ ላይ የተበላሸ ያስመስለዋል። «መገናኛ ነጥብ» ማለት ይበቃል፤ ብልሽቱ ደግሞ «የሽቦ መነካካት» ይባል።

ሁለተኛው ወጥመድ ነጥቦቹን ለመለየት የሚነገሩት ሐረጎች ናቸው። በእንግሊዝኛ አንደኛው «በመደበኛ ሁኔታ ዝግ»፣ ሌላው «በመደበኛ ሁኔታ ክፍት» ተብለው ይጠራሉ። «ዝግ» እና «ክፍት» የሚያመጡት መገላበጥ ከላይ ተገልጿል። «በመደበኛ ሁኔታ» የሚለውም አሳሳች ነው፤ «ዘወትር» ወይም «ብዙውን ጊዜ» ማለት ይመስላል እንጂ አይደለም። የሚያመለክተው በጥቅሉ ውስጥ ኮረንት በማያልፍበት ጊዜ፣ ምላሷ ባረፈችበት ሰዓት ያለውን ሁኔታ ነው። በእውነተኛው የባቡር መሥመር ሪሌው አብዛኛውን ጊዜ ኮረንት ያለው ስለሆነ «ዘወትር» ተብሎ ቢተረጎም ፍጹም ተቃራኒውን ይናገራል። ስለዚህ «ሲያርፍ የሚገጥም ነጥብ» እና «ሲሳብ የሚገጥም ነጥብ» ብንል ሁለቱም ወጥመዶች ይታለፋሉ። በእውነተኛው መሥመር አሠራር ቀዩ መብራት ከመጀመሪያው፣ አረንጓዴው ከሁለተኛው ጋር ይገናኛል።

5. እውነተኛው መሥመርና አምሳያው

ቀዩ ለምን «ሲያርፍ በሚገጥመው» ነጥብ ላይ እንደሚገባ ማወቅ የቃላቱን ክብደት ያስረዳል። አሜሪካዊው ዊልያም ሮቢንሰን በ1870 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ በተደረገ ኤግዚቢሽን ላይ ራሱን በራሱ የሚሠራ የባቡር ምልክት በአምሳያ አሳይቶ ነበር። የመጀመሪያው አሠራሩ በተቋረጠ ዑደት ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ኮረንት የሚያልፈው ባቡር ሲመጣ ነው። ጉድለቱም ከዚያው ነበር። ሽቦ ቢበጠስ ወይም ባትሪ ቢደክም ባቡሩ መምጣቱ አይታወቅም፤ ምልክቱም መንገዱ ክፍት ነው ማለቱን ይቀጥላል። ሮቢንሰን ይህን ተረድቶ አሠራሩን ገለበጠውና በ1872 በገጠመ ዑደት የሚሠራውን የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ።

በዚህ አሠራር መሥመሩ በክፍል በክፍል ይለያል፤ በየክፍሉ ጫፍ ኮረንት የማያስተላልፍ ማያያዣ ይገባል። በአንዱ ጫፍ ባትሪ፣ በሌላው ሪሌ አለ። ክፍሉ ባዶ ሲሆን ኮረንቱ በአንዱ ሐዲድ ሄዶ፣ በሪሌው አልፎ፣ በሌላው ሐዲድ ይመለሳል፤ ምላሷ ትሳባለች፤ አረንጓዴ ይበራል። ባቡር ሲገባ የብረት መንኮራኩሮቹና ዘንጋቸው ሁለቱን ሐዲዶች ስለሚያገናኙ ኮረንቱ በቀላሉ መንገድ በዚያ ያልፋል፤ ሪሌው ይራባል፤ ምላሷ ትወድቃለች፤ ቀይ ይበራል። ባትሪ ቢያልቅም፣ ሽቦ ቢበጠስም ውጤቱ ያው ቀይ ነው። ይህን ጠባይ «ሲበላሽ የሚያስቆም» ብለን ብንሰይመው ሐሳቡን በሙሉ ይይዛል።

በአምሳያው ግን ነገሩ ይለወጣል። ባለ ሁለት ሐዲድ አምሳያ ሞተሩ ኃይሉን የሚያገኘው ከሁለቱ ሐዲዶች ስለሆነ፣ የግራና የቀኝ መንኮራኩሮቹ በኮረንት እንዳይገናኙ ተደርገው ይሠራሉ፤ አለዚያ ሽቦ እንደተነካካ ይቆጠራል። ስለዚህ የባቡሩ መኖር የሚታወቀው ሞተሩ ወይም የፋኖሱ አምፖል በሚወስደው ኮረንት ነው። ወደ ክፍሉ ኮረንት ሲያልፍ ባቡር አለ ማለት ነው፤ ቀይ ይበራል። ሳያልፍ ሲቀር ክፍሉ ባዶ ነው፤ አረንጓዴ ይበራል።

ተርጓሚው እዚህ ላይ ማስተዋል ያለበት፣ በእውነተኛው መሥመር የገጠመ ዑደት መንገዱ ክፍት መሆኑን ሲያመለክት፣ በአምሳያው የገጠመ ዑደት መንገዱ ዝግ መሆኑን ማመልከቱ ነው። አንዱን መጽሐፍ ሲተረጉም የተማረውን ወደ ሌላው ይዞ ቢሄድ ይሳሳታል። ከዚህም በላይ በአምሳያው ሽቦ ቢበጠስ አረንጓዴ ስለሚበራ «ሲበላሽ የሚያስቆም» የሚለው ስያሜ አይገባውም። በጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ሁለት ትናንሽ ፉርጎዎች መጋጨታቸው ነው። ቃላቱ ግን በጠረጴዛው ላይ አይቀሩም።

6. የምልክቱ መልክና አነጋገሩ

«ምልክት» የሚለው ቃል ለሚተላለፈው መልእክት ይበቃል፤ ምሰሶውን ከነመብራቱ «ምልክት ሰጪ» ማለት ይቻላል። በአንድ ጊዜ የሚያሳየው የቀለም ዐይነት «መልክ» ቢባል አጭርና ግልጽ ነው፤ «ምልክት ሰጪው ሦስት መልክ አለው» እንደማለት።

በጥንቱ የባቡር ሥራ ነጭ ብርሃን «እለፍ»፣ አረንጓዴ «ተጠንቀቅ» ማለት ነበር። ነገር ግን የቀዩ መስታወት ሲሰበር ከኋላው ያለው ነጭ ብርሃን ስለሚታይ፣ «ቁም» የሚለው ምልክት «እለፍ» ሆኖ ይነበብ ነበር። በኋላ አረንጓዴው «እለፍ»፣ ቢጫው «ተጠንቀቅ» እንዲሆኑ ተደረገ። በብርሃን ቋንቋም ቢሆን የተገለበጠ ፍች ከጠፋ ቃል ይልቅ አደገኛ መሆኑን ይህ ታሪክ ያስረዳል።

የከተማ ነጂዎች «መብራቱ ያዘን»፣ «መብራቱ ለቀቀን» ይላሉ። ይህ ከማንም ያልተዋሰ ሕያው አነጋገር ስለሆነ በማብራሪያ ውስጥ ቢገባ ጽሑፉን ያቀልለዋል። ሆኖም «ኮረንቲ ያዘው» የሚለው አነጋገር ሌላ አደጋ ስለሚገልጽ፣ የሚይዘው ማን እንደሆነ ምን ጊዜም በስም መጠራት አለበት።

7. ለውይይት የቀረቡ ቃላት

የባቡር አምሳያ (ስ.)፦ በተወሰነ ልክ አንሶ የተሠራ የሐዲድ ባቡር ከነመሥመሩ።
ምልክት ሰጪ (ስ.)፦ ለነጂ መልእክት የሚያሳይ ምሰሶ ከነመብራቱ።
መልክ (ስ.)፦ ምልክት ሰጪው በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ቀለም ወይም የቀለም ጥምር።
የገጠመ ዑደት (ሐረግ)፦ ኮረንት ከምንጩ ተነሥቶ ወደ ምንጩ የሚመለስበት ያልተበጠሰ መንገድ።
የተቋረጠ ዑደት (ሐረግ)፦ አንድ ቦታ ላይ በመለያየቱ ኮረንት የማያልፍበት መንገድ።
የጋራ ሽቦ (ሐረግ)፦ ለብዙ መብራቶች በአንድነት የሚያገለግል ሽቦ።
ገቺ (ስ.)፦ በዑደት ውስጥ የሚያልፈውን ኮረንት የሚቀንስ ዕቃ፤ ሬዚስተር።
መቀየሪያ (ስ.)፦ ኮረንትን ከአንድ ዑደት ወደ ሌላ የሚያዛውር የእጅ መሣሪያ።
የሐዲድ መለወጫ (ሐረግ)፦ ባቡርን ከአንድ ሐዲድ ወደ ሌላ የሚያሻግር መሣሪያ።
ሪሌ (ስ.)፦ በአንድ ዑደት ኮረንት ሌላውን ዑደት የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ማግኔታዊ ዕቃ፤ አቀባይ።
መገናኛ ነጥብ (ሐረግ)፦ በመቀየሪያ ወይም በሪሌ ውስጥ ሽቦና ሽቦ በአግባቡ የሚገናኙበት ቦታ።
የሽቦ መነካካት (ሐረግ)፦ ሽቦና ሽቦ ያለ አግባብ ተገናኝተው የሚደርስ ብልሽት፤ በተለምዶ «ኮንታክት»።
ሲያርፍ የሚገጥም (ሐረግ)፦ ሪሌው ኮረንት በሌለው ጊዜ የሚገናኝ ነጥብ።
ሲሳብ የሚገጥም (ሐረግ)፦ ሪሌው ኮረንት ሲኖረው የሚገናኝ ነጥብ።
ሲበላሽ የሚያስቆም (ሐረግ)፦ ብልሽት በደረሰበት ጊዜ ወደ ቀይ የሚመለስ አሠራር።

መደምደሚያ

በ2015 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከአዲስ አበባ ጂቡቲ የሚደርሰው በኤሌክትሪክ የሚሠራ አዲስ መሥመር ተመርቀዋል። ሁለቱንም የሠሩት የቻይና ተቋራጮች ስለሆኑ፣ የባቡር ቃላት እንደ ቀድሞው በፈረንሳይኛ በር ብቻ አይገቡም። በአዲሱ መሥመር በላይ የተዘረጋው ሽቦ የሚሸከመው 25,000 ቮልት ነው፤ «ዝጋ» እና «ክፈት» የሚሉ ትእዛዞች በዚህ ሽቦ አጠገብ ሲነገሩ ሁለት ሰዎች ሁለት ነገር ሊረዱ አይገባም።

ከዚህ በላይ የቀረቡት ስያሜዎች ሁሉ ተቀባይነት ያገኛሉ ማለት አይደለም፤ ከመካከላቸው የተሻለ ምትክ የሚገኝላቸው ይኖራሉ። ሊጸና የሚገባው መርሑ ነው። የኮረንቱ፣ የመብራቱና የመንገዱ ሁኔታ በየራሳቸው ጥንድ ቃል ይገለጹ፤ ከውጭ የመጣ ምሳሌም በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ምን እንደሚያሳስብ ሳይመረመር አይተርጎም። ለዚህም ቀላል መፈተኛ አለ። ተርጓሚው ረቂቁን ከማሳተሙ በፊት ሐዲድ አይቶ ለማያውቅ አንባቢ ይስጠው፤ ሽቦውንም በጽሑፉ ብቻ እየተመራ እንዲያገናኝ ይጠይቀው። ባቡሩ በክፍሉ ውስጥ ሳለ ቀይ ከበራ ትርጉሙ ደኅና ነው። አረንጓዴ ከበራ ግን የሚታረመው ሽቦው ብቻ አይደለም።